ምዕራፍ አራት፦ የዛሬዎቹ ስድስት ገጾች

አርባዎቹን ልጆች የሚያመሳስላቸው አንድ ችግር ነበር፤ መቀነስ አልሆንላቸው ብሏል። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው። ከላይ ያለው ቁጥር ከታችኛው ሲያንስ ከጎረቤት መበደር የሚባለው ነገር ግራ ያጋባቸዋል፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስም ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር አልበርት ባንዱራና ባልደረባቸው ዴል ሹንክ ለእነዚህ ልጆች መቀነስን ደረጃ በደረጃ የሚያስተምር 42 ገጽ መልመጃ አዘጋጁ። ልጆቹ ለየብቻ እየተቀመጡ በሰባት ክፍለ ጊዜ ይሠሩታል።

ከመጀመራቸው በፊት ለየቡድኑ የተነገረው ቃል ግን የተለያየ ነበር። የመጀመሪያው ቡድን «በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ስድስት ገጽ ለመጨረስ ሞክሩ» ተባለ። ሁለተኛው «ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ 42ቱን ገጽ ለመጨረስ ሞክሩ» ተባለ። ለሦስተኛው መልመጃው ተሰጠው እንጂ ስለ ግብ ምንም አልተነሣለትም። አራተኛው ለማነጻጸሪያ ብቻ የተፈተነ ነው፤ መልመጃውን አልሠራም።

ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ሁለት ነው። የሁለቱ ቡድኖች ሥራ አንድ፣ ወረቀቱም አንድ፣ የተሰጣቸው ጊዜም አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ውጤታቸው ግን አንድ አልሆነም። ስድስት ስድስት ገጽ የተባሉት ከሁሉም ፈጥነው ሄዱ፤ መቀነስን ቻሉ፤ ከባድ ጥያቄ ሲቀርብላቸውም «እሠራዋለሁ» ብለው የሚያምኑ ሆኑ። አርባ ሁለት ገጽ የተባሉት ደግሞ ምንም ግብ ካልተነገራቸው ልጆች የተሻለ ነገር አላሳዩም።

ሩቅ ግብ ልጆቹን አልጎዳቸውም፤ ነገር ግን ምንም አልጨመረላቸውም። ወላጅና መምህር ልብ ሊሉት የሚገባው ይህን ነው፤ ብዙዎቻችን ለልጆች የምንሰጠው ግብ ሁልጊዜ ሩቁን ነውና።

ለስምንት ዓመት ልጅ «የዛሬ ሳምንት» ከአድማስ ወዲያ ያለ ነገር ነው። ዛሬ ሦስት ገጽ የሠራ ልጅ ከ42 ጋር ሲያስተያየው ገና ምንም አልሠራም፤ ከስድስት ጋር ሲያስተያየው ግን ግማሽ መንገድ ደርሷል። 42ን የሚያይ ልጅ የቀረውን ያያል፤ ስድስትን የሚያይ የሄደውን። ባንዱራ በሕይወት ዘመናቸው በብዛት የጻፉት «ይህን ሥራ እችለዋለሁ» ስለሚለው እምነት ነው፤ የዚህ እምነት ዋነኛ ምንጭም ምክር ወይም ማበረታቻ ሳይሆን ራስ ሠርቶ ማየት መሆኑን አስተምረዋል። አንድን ልጅ «ትችላለህ» እያሉ መቶ ጊዜ ከመንገር ይልቅ ሊጨርሰው የሚችለውን ነገር ሰጥቶ እንዲጨርሰው ማድረግ ይበልጥ ያሳምነዋል። ስድስቱ ገጾች በየቀኑ ማስረጃ ይሰጡ ነበር።

የኢትዮጵያ ልጆች የጎደላቸው ሕልም አይደለም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሀገሪቱ 20 ቦታዎች የሚኖሩ 3,000 ያህል ልጆችን አድገው ለአካለ መጠን እስኪደርሱ ድረስ እየተከታተለ ኑሯቸውን መዝግቧል፤ በድሃ ቤት ያደጉት ሳይቀሩ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ምኞት እንዳላቸው አሳይቷል። እንግዳ ሲመጣ «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ መልሱን አታጣውም፤ ሐኪም፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር፣ መምህርት። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የሀገር ውስጥ ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አለመቻላቸውን አገኘ። በአንድ ልጅ ውስጥ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ ሐኪም የመሆን ምኞትና ያልተነበበው አንቀጽ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን የዛሬ ሥራ የሚያሳያት ሰው ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

ሩቁን ግብ በቅርብ ደረጃዎች የመክፈልን መንገድ የሀገራችን አሮጌ ትምህርት ቤቶች ከባንዱራ በፊት ያውቁት ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። የኔታ ዘንድ የተቀመጠ ልጅ «ሊቅ ትሆናለህ» ተብሎ አይጀምርም፤ በሀ ሁ ይጀምራል። የፊደሉን ቁጥር ሲጨርስ አቡጊዳ ይቀጥላል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ አለ። ያው አንድ ጽሑፍ መጀመሪያ በግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይወጣል። የሚነበበው ገጽ ሳይለወጥ የልጁ ችሎታ ሦስት ጊዜ ከፍ ይላል፤ ልጁም ከፍ ማለቱን ያውቃል። ዳዊት ላይ ሲደርስ 150ው መዝሙር እንዳለ አይጫንበትም፤ አሥር አሥር እየሆነ «ንጉሥ» በሚባል ክፍል ተከፍሏል። ሁለት ንጉሥ የደረሰ ልጅ ሁለት ንጉሥ ደርሷል፤ ይህን እሱም፣ ጓደኞቹም፣ እናቱም ያውቃሉ። ዳዊት በደገመ ዕለት ድግስ የሚያዘጋጁ ወላጆችም ጥቂት አልነበሩም።

የቁርኣን ቤቱም እንዲሁ ነው። ቁርኣን በ30 ጁዝ ተከፍሏል፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት አጫጭር ሱራዎች ካሉበት ከመጨረሻው፣ ከጁዝ አማ ነው። ዛሬ ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈችው ነገ ካልተወጣች ሌላ አትጻፍም። አጭሩን ማስቀደም የልጅን ልብ የሚያውቅ ሰው ያወጣው ሥርዓት ነው።

የኔታ አለንጋና ቁንጥጫ አብረው ይመለሱ ማለት አይደለም፤ ልጅን በፍርሃት ማስጠናት ግቡን የልጁ ሳይሆን የአለንጋው ያደርገዋል። ከዚያ ሥርዓት ሊወሰድ የሚገባው የደረጃው አከፋፈል ነው፤ ቅርብ፣ የሚታይ፣ ሲያልቅ ማለቁ የሚታወቅ።

አሁን አንዲት የ3ኛ ክፍል ተማሪን እናስብ። መምህሯ «የዚህ ሰሚስተር ግብሽ ምንድን ነው?» ብትላት «ጎበዝ ተማሪ መሆን» ትላለች። ይህ ምኞት ነው። ቢሳካ እንዴት ታውቃለች? መቼስ ያልቃል? መምህሯ ትንሽ ብትቆይና «ጎበዝ ብትሆኚ መጀመሪያ የምትሠሪው ምንድን ነው?» ብትላት ልጅቷ አስባ «ሳልደናቀፍ አነባለሁ» ትል ይሆናል። «ምን? ለማን?» ስትባል ደግሞ ነገሩ መሬት ይይዛል፦ እስከ አርብ ድረስ የጥንቸሏንና የጅቡን ተረት ለታናሽ ወንድሟ ሳትደናቀፍ ታነብለታለች። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀን አለ፣ ሥራ አለ፣ የሚሰማ ሰው አለ። አርብ ማታ ተሳካ አልተሳካ ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ከሁሉም በላይ ተረቱን የመረጠችው እሷ፣ ሰሚውንም የመረጠችው እሷ ናት። ትልቅ ሰው ድንበሩን ሊያሰምር ይችላል፤ «ከንባብና ከሒሳብ አንዱን ምረጪ» ማለት ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ግን ለልጅቷ መተው አለበት፤ ካልሆነ የቤት ሥራ በሌላ ስም ነው የሚሆነው።

በሀገራችን የልጅን ግብ ከልጁ እጅ የሚነጥቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ስንተኛ ወጣህ?»

ካርድ በሚሰጥበት ቀን አጎት፣ ጎረቤት፣ ባለሱቁ ሳይቀር ይጠይቃል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው። አርባኛ የወጣ ልጅ በሁለተኛው ሰሚስተር ተግቶ ማካፈልን ቢለይ፣ የእጅ ጽሑፉን ቢያስተካክል፣ ሌሎቹም አብረው ከበረቱ ተመልሶ አርባኛ ነው። ያደገው ነገር በካርዱ ላይ ቦታ የለውም። ደረጃ የሚወሰነው በሌሎች ልጆች ሥራ ስለሆነ የልጅ የግል ግብ ሊሆን አይችልም፤ ልጁ የሚያዝበት የራሱ ገጽ ብቻ ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ «ካለፈው ምን ጨመርክ?» በሚለው ቢተካ በየቤቱ ምንም ወጪ ሳይወጣ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ከትልቅ ሰው የሚሰማው ቃል የልጅን ግብ እንደሚለውጥ የሚያሳይ ምርምር አለ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች እንቆቅልሽ ሰጥተው ሲጨርሱ ሁሉንም አመሰገኗቸው። ከዚያ ለአንዳንዶቹ «ብልህ ብትሆን ነው»፣ ለሌሎቹ «ጠንክረህ ብትሠራ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ። ቀጥሎ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ ስለ ጥረታቸው ከተመሰገኑት 92 በመቶው አዲስ ነገር የሚማሩበትን መረጡ። ስለ ብልህነታቸው ከተመሰገኑት 67 በመቶው ብልህ መስለው የሚታዩበትን መረጡ። በጣም ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ከወደቁ በኋላም ስለ ብልህነታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ሰለቹ፤ ያገኙትን ነጥብ ለሌላ ልጅ በጽሑፍ ንገሩ ሲባሉ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍ አድርገው ዋሹ። የሚያሳዝነው ይህ የመጨረሻው ነው። ልጆቹ ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም፤ «ብልህ» የሚለው ስም እንዳይወሰድባቸው የሚጠብቁት ንብረት ሆኖባቸው ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። «ጎበዝ» ልጁን ይገልጻል። «በርታ»፣ «በርቺ» ግን ሥራውን ይነካል፤ ነገም እንደሚቀጥል ይናገራል። ሁለቱም ከአፋችን አይጠፉም፤ የልጁ ደብተር ፊታችን ሲዘረጋ የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ መጠበቅ ነው። የቃል ለውጥ ብቻውን ተአምር አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ፣ በአሜሪካ 12,000 ያህል የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የተካፈሉበት ሙከራ ችሎታ በሥራ እንደሚያድግ የተማሩት ደካማ ተማሪዎች ያገኙት የውጤት ጭማሪ እውነተኛ ቢሆንም አነስተኛ እንደነበር አሳይቷል። መልካም ቃል ከመልካም ዕቅድ ጋር መሄድ አለበት።

ስለ ዕቅድ ካነሣን፣ ግብ ያወጣ ልጅ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ ግቡን ስለረሳ ሳይሆን ያልጠበቀው ነገር ስለገጠመው ነው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብሪዬለ ኤቲንገን ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው። መልካሙን ውጤት ብቻ እያሰቡ መደሰት ኃይልን ያላላል ይላሉ፤ ሰውነት የደረሰ ስለሚመስለው። በእሳቸው ዘዴ ልጁ አራት ነገር ያስባል፦ ምን እንደሚመኝ፣ ቢሳካ ምን ደስ እንደሚለው፣ ምን እንደሚያሰናክለው፣ መሰናክሉ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ። እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ ኤቲንገን፣ አንጀላ ዳክወርዝና ባልደረቦቻቸው ዘዴውን በአንድ የአሜሪካ ከተማ ትምህርት ቤት በ77 የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ሞከሩት። ዘዴውን የተማሩት ልጆች ስለ ግባቸው በጎ በጎውን ብቻ እንዲያስቡ ከተነገራቸው ይልቅ በውጤት፣ በክፍል መገኘትና በጠባይ ተሻሉ።

ወደ እኛ ቤት ሲመጣ አራተኛው ነጥብ ሰዓት አይፈልግም። በየቀኑ የማይቀሩ ነገሮች አሉን። «አቦሉ ሲቀዳ መጽሐፌን እከፍታለሁ፤ በረካው እስኪጠጣ አነባለሁ» የምትል ልጅ ከየትኛውም የማንቂያ ደወል የተሻለ ምልክት አግኝታለች። ገጠር ላለው ልጅ ከብቱ በረት መግባቱ፣ ከተማ ላለው ከትምህርት ቤት መጥቶ ዩኒፎርም ማውለቁ ያው ነው። መሰናክሉም በስሙ ይጠራ። «መብራት ከጠፋ የቃል ሒሳብ ከእህቴ ጋር እለማመዳለሁ፤ ከመጣ እጽፋለሁ።» «ጓደኞቼ ለኳስ ከጠሩኝ አንድ ገጽ ጨርሼ እወጣለሁ።»

አንዳንድ መሰናክል ግን ልጅ አቅዶ የሚያልፈው አይደለም። ውኃ የምትቀዳው፣ ታናናሾቿን የምትይዘው፣ ሱቅ የምትላከው ልጅ ማታ ደክሟት ብትተኛ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። መሰናክሉ የቤቱ ሥራ ከሆነ ሃያ ደቂቃ የማስለቀቁ ዕቅድ የወላጅ ነው። ብዙ መጽሐፍ ይህን ሳያነሣ ልጅን ስለ ትጋት ይመክራል፤ ተገቢ አይደለም።

ስለ ሽልማትም አጭር ቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ለሦስት ከፈሉ። «ብትሥሉ የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» ተብለው የሣሉት ልጆች ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ምንም ካልተሰጣቸው ልጆች ግማሽ ያህል ሆነ። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። የባንዱራና የሹንክ ልጆችም በመጨረሻ ተመሳሳይ ፈተና ነበረባቸው። ማንም ሳያስገድዳቸው መቀነስን ወይም ሌላ ሥራ እንዲመርጡ ሲደረግ ስድስት ስድስት ገጽ የተባሉት ከሌሎቹ ይበልጥ መቀነስን መረጡ፤ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የሚሸሹትን ያንኑ ትምህርት። ብስኩትም ብርም አልተሰጣቸውም። የቻሉት ነገር ራሱ ጣፍጧቸው ነበር።

ከሽልማት ይልቅ የሚከብደው የትልቅ ሰው ቃል ነው። ዋልተር ሚሼል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት ሙከራ ዓለም ያወቀው ነው፦ ልጁ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጣል፤ ሳይበላ ከቆየ ሁለት ያገኛል። ብዙ ጊዜ የልጅ ትዕግሥት መለኪያ ተደርጎ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ሥራ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ጣፋጩ ከመምጣቱ በፊት ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ 28 ልጆች አሮጌ ቀለም ተሰጥቶ «ጠብቁ፣ የተሻለ አመጣለሁ» ተባሉ። ለግማሾቹ የተሻለው መጣ። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» ተባለ። ቃሉ ከተጠበቀላቸው 14 ልጆች 9ኙ ጣፋጩ ፊት 15 ደቂቃ ሙሉ ታገሡ። ቃሉ ከታጠፈባቸው 14ቱ የታገሠው አንድ ብቻ ነው፤ በአማካይ የቆዩት ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። ትልቅ ሰው ቃሉን እንደማይጠብቅ ያየ ልጅ ለነገ ብሎ ዛሬን የሚተውበት ምክንያት የለውም። «ይህን መጽሐፍ ከጨረስክ ቅዳሜ አብረን እንወጣለን» ያለ አባት ቅዳሜ ካልወጣ ልጁ የተማረው ስለ መጽሐፉ አይደለም።

ልጅ ግብ የሚይዘው ከሚያውቀው ሕይወት ነው። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ኢትዮጵያዊው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2010 በሐረርጌ ዶባ ወረዳ በ64 መንደሮች የሞከሩት ይህን ነው። ለአንዳንድ ቤተሰቦች እንደ እነሱ ከገበሬ ቤት ወጥተው በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ የያዙ አራት አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩአቸው። ለሌሎቹ ተራ የቴሌቪዥን መዝናኛ አሳዩ። ሁለቱም ዝግጅቶች አንድ ሰዓት ያህል የፈጁ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ ዘጋቢ ፊልሞቹን ያዩት ቤተሰቦች ይበልጥ ቆጥበው፣ ይበልጥ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ልከው ተገኙ። በፊልሞቹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ታዋቂዎች አልነበሩም፤ ጎረቤት የሚመስሉ ነበሩ።

የአርሲዋ በቆጂ በዚህ ዕድለኛ ናት። ስንታየሁ እሸቱ እዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ኋላ አሠልጣኝ ሆነው ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ ለከተማዋ ልጆች ኦሊምፒክ የሩቅ ሀገር ወሬ መሆኑ ቀረ፤ ያሸነፈችው በእነሱ ሜዳ የሮጠች ልጅ ናት። ጥሩነሽ ደግሞ የደራርቱ የሥጋ ዘመድ ናት።

ስልሳ ተማሪ የያዘ መምህር ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ማድረግ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። ሰኞ ጠዋት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለአርብ የሚያደርሰውን አንድ ነገር በአንድ መስመር ይጽፋል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ያነብለታል። አርብ ሁለቱ ደብተር ተለዋውጠው ምልክት ያደርጋሉ። መምህሩ በየሳምንቱ አሥር ደብተር ቢያይ በስድስት ሳምንት ሁሉንም አዳርሷል። በመስመሩ ላይ «ጎበዝ መሆን» ተጽፎ ካገኘ «ምን ስትሠራ?» ብሎ ይመልሳል።

አርብ ደርሶ ያልተሳካለት ልጅ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜም ይኖራል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው «ለምን ሰነፍክ?» አይደለም፤ «ምን አጋጠመህ? የቱ ጋ ቆምክ?» ነው። ስድስት ገጽ ካቃተው ለሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ይሁንለት፤ ሦስት ከከበደው አንድ። ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን ሲያድግ ምን መሆን እንደሚፈልግ አትጠይቁት፤ እሱን ብዙ ሰው ጠይቆታል። እስከ አርብ ምን መጨረስ እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ መልሱን በራሱ እጅ አጽፉት፤ አርብ ማታ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አብራችሁ እዩት።